አክስቴ በአጥር በኩል የሰማችው ዘፈን

ባለፈው ግንቦት ለሠርግ አሶሳ ሄጄ ነበር። ድንኳኑ የተተከለው ትልቅ የማንጎ ዛፍ አጠገብ ነው። የበሰለው ማንጎ ከላይ እየወደቀ፣ በእንግዳ ጫማ እየተረገጠ፣ ግማሹ ማር ማር፣ ግማሹ ጠጅ ጠጅ የሚል ሽታውን ለቆታል። ያ ሽታ ገና ከበሩ ሲቀበለኝ ልጅነቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ወዲያው ደግሞ ኪቦርድ የሚጫወት ወጣት አንድ ዘፈን ጀመረና ሰዉ በሙሉ ለጭፈራ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ፤ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ ልጁ ሄድኩና፣

«ይሄ ዘፈን የማን ነው?» አልኩት።

«ባህላዊ ነው እኮ» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «ባለቤት የለውም።»

ባለቤቱንማ አውቃታለሁ። አጥር ለአጥር ጎረቤታችን ነበረች። ልነግረው አፌን ስከፍት ልጁ ሌላ ዘፈን ጀመረ። ለሱ ያልነገርኩትን እዚህ ልንገር።

ክልሉ አዲስ የሆነበት ዘመን ነው። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ትልልቆቹ ሁሉ «ክልል ሆንን፣ ክልል ሆንን» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ የማውቀው ከለለ ማለት አጠረ ማለት እንደሆነ ነው። ስለዚህ ከተማችን ዙሪያዋን ልትታጠር መስሎኝ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥሩ በየት በኩል እንደተጀመረ ለማየት ወደ ባምባሲ መውጫ ድረስ ሄጄ አውቃለሁ። ያገኘሁት ቀለሙ ያልደረቀ የመሥሪያ ቤት ታፔላና የቢሮ ወንበር የሚያወርዱ ሰዎችን ብቻ ነበር። ከየአገሩ ተመድበው የሚመጡ አስተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች በየቀኑ ከአውቶቡስ ይወርዳሉ። አቧራቸውን ሳያራግፉ ደግሞ ወደኛ ሻይ ቤት ይገባሉ።

ሻይ ቤታችን መናኸሪያው ጥግ ላይ ነበር። ቤተሰቦቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። አባቴ ማሳውን ይዞ ሰፈራ መንደሩ ሲቀር፣ እናቴ እኔን ላስተምር ብላ ከተማ ገባች። ሻዩን የምታፈላው፣ ቦምቦሊኖውን የምትጠብሰው እሷ ነች። የምትዘፍነው ደግሞ የአባቴ ታናሽ እህት ዘይነባ ነበረች። አክስቴ ብትሆንም እንደ ታላቅ እህት «እታለም» ነበር የምላት። ሻይ እየቀዳች ትዘፍናለች፤ ብርጭቆ እያጠበች ትዘፍናለች፤ ሠርግ ካለም ጠርተው ይወስዷታል።

ዘፈኖቹን የምታገኘው ከሬዲዮ ነው። የሬዲዮናችን ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ጣሪያ ላይ ፀሐይ እናሞቀዋለን፤ እንደገና ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ቢሆንም ድምፁ እየተቆራረጠ ስለሆነ የሚደርሰን፣ ከአዲስ አበባ የተነሳው ግጥም ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። እታለም የቀረውን ከራሷ ትሞላዋለች። አንዱን የፍቅር ዘፈን «ከማንጎው ሥር ጠብቀኝ፣ ፍሬው ሳይወድቅ ና» እያለች ስትዘፍነው ሾፌሮቹ ብርጭቋቸውን በማንኪያ እየመቱ ያጅቧታል።

አንድ ቀን አንድ ሾፌር የዚያኑ ዘፈን ካሴት ከአዲስ አበባ ይዞ መጣና ቴፑ ውስጥ ከተተው። አንዲት ድምፀ መረዋ ሴት የእታለምን ዘፈን ትዘፍን ጀመር! እኔ የያዝኩትን ትሪ ጠረጴዛ ላይ ወርውሬ፣

«ሰረቀችን! እታለም፣ ዘፈንሽን ሰረቀችሽ!» ብዬ ጮህኩ።

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ከሾፌሮቹ አንዱ ከምሩ ቅር ብሎት፣ «ማንጎው የታለ? ይቺ ሴትዮ ማንጎውን ዘላዋለች እኮ!» ማለቱ ነው። ሌሎቹም የእታለም ይሻላል፣ የእታለም ይሻላል ብለው ካሴቱን አስዘጉት።

እታለም እንባዋ እስኪመጣ ስቃ ስታበቃ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ፋጢዬ፣ እሷ አይደለችም የኔን የዘፈነችው። እኔ ነኝ የሷን የምዘፍነው።»

«ታውቃለች?»

«የት አይታኝ ታውቃለች!»

«እንግዲያ አንቺ ነሻ የሰረቅሽው?»

«ዘፈን አይሰረቅም» አለችኝ። «እሳት ማለት ነው። ከጎረቤት ምድጃ እሳት ብትጭሪ የጎረቤትሽ ምድጃ ይጠፋል?»

አይጠፋም። ነገሩ በጣም ልክ መሰለኝ። በማግስቱ ለክፍል ጓደኞቼ በሙሉ እንደራሴ ሐሳብ አድርጌ አስረዳሁ።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ልምጣ። ሐሊማ የበርታ ሴት ናት። እነሱ ሴት አያትን ሐቦባ ስለሚሉ ሰፈሩ በሙሉ ሐቦባ ሐሊማ ይላታል። በኛና በሷ ግቢ መሃል የቀርከሃ አጥር አለ። አጥሩ ላይ ክንድ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበር። በማንጎ ወራት ማንጎ በዚያ ይመጣል፤ ቦምቦሊኖ በዚያ ይሄዳል። ሐቦባ አማርኛዋ የራሷ ነው። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። እናቴን «አንተ ጎበዝ ነው» ስትላት እናቴን መሾሟ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ አውራ ዶሮዋን «አንቺ!» ብላ ስታባርረው፣ በጥፋቱ ምክንያት ከማዕረጉ የወረደ አድርጌ አስብ ነበር።

ማታ ማታ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ለዘር የሚሆን ለውዝ እየፈለፈለች ታንጎራጉራለች። ሁሌም አንድ ዘፈን ነው። ቀስ ብሎ ይጀምርና፣ ልክ ሰው ዳገት ሲወጣ ቆም እያለ እንደሚተነፍስ ቆም ቆም ይላል። መጨረሻው ላይ አንዲት ቃል ሦስቴ ይደጋግምና ያልቃል። በበርታኛ ስለሆነ ከቃላቱ አንዱንም አናውቅም። እታለም ግን ማድጋ ደገፍ ብላ ዓይኗን ጨፍና ትሰማው ነበር።

በዚያው ሰሞን መምህር ታደለ ሻይ ቤታችን መጣ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪያችን ነው፤ ከድሮው ኪነት የተረፈች አንዲት አኮርዲዮን አለችው፤ አንዷ ቁልፍ ስትነካ እንደ ድመት ታለቅሳለች። የባህል ቡድን እንዲያቋቁም ታዟል።

«ዘይነባ፣ የአዲስ አበባውን ተይው» አላት። «እሱን ሁሉም ይሰማዋል። የዚህን አገር ዘፈን የምትዘፍንልኝ ሰው ነው የምፈልገው። የሆሞሻ ወረዳ ዘፋኞች እስኪመጡ አንድ የበርታ ዜማ አታውቂም?»

«አንድ አውቃለሁ» አለች እታለም፤ ፊቷ በራ። አንጎራጎረችለት። መምህር ታደለ ከወንበሩ ተነሳ።

«ምንድን ነው ትርጉሙ?»

«ትርጉሙን እንጃ። መጨረሻው ግን አማርኛ ይመስላል። ስጥና፣ ስጥና፣ ስጥና ነው የሚለው።»

በዚህ ተጀመረ። «ልብህን ስጥና ሂድ፣ ቃልህን ስጥና ሂድ» የሚል ግጥም ተሠራለት። ቀስ ይል የነበረው ዜማ እንዲያስጨፍር ተብሎ ተጣደፈ፤ ቆም ቆም የሚልበት ሁሉ በአኮርዲዮንና በጀሪካን ከበሮ ተሞላ። ልምምድ የማያስፈልገው ነገር ሆነ፤ አንዴ የሰማው ሁሉ ቶሎ ይይዘዋል። እኔ ራሴ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ስጥና!» ብዬ ከክፍል ተባርሬያለሁ።

«ሐቦባን አትጠይቂያትም?» አለቻት እናቴ።

«ልጠይቃት ብዬ ነበር፤ ግን ድንገት ብትሰማው የበለጠ አትደሰትም ብለሽ ነው?» አለች እታለም። ከልቧ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የትምህርት ቤቱ ሜዳ ሞላ። ሐቦባ ሐሊማ እታለም ስለጋበዘቻት ሐምራዊ ቶቧን ለብሳ መጥታ ከፊት፣ ከኔ ጎን ተቀመጠች። ከመጠቅለያዋ የሰንደል ሽታ ይመጣል። እታለም ወጥታ ዜማውን ስትጀምር ሐቦባ ቀና አለች፤ ፈገግም አለች። ከዚያ ከበሮው ገባ። ሜዳው በአንድ እግሩ ቆመ። «ስጥና! ስጥና! ስጥና!» ሕዝቡ ከመጀመሪያው ተቀበለ። አዲሶቹ ባለሥልጣናት ሳይቀሩ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ።

ሐቦባ ፈገግታዋን ሰበሰበች። ቀስ ብላ፣ «ሲትና» አለች።

አብራ ልትዘፍን የሞከረች መሰለኝ። ደስ አለኝ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ «ሲትና አይደለም ሐቦባ፣ ስጥና ነው!» አልኳት።

አየችኝ። ራሴን ዳሰሰችኝ። ከዚያ ተነሳችና በሚጨፍረው ሰው መሃል ማንንም ሳትነካ አልፋ ሄደች። የአስር ሶላት ደርሶባት ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ የአጥሩ ቀዳዳ ላይ ማዳበሪያ ተሰቅሎበት አገኘን። ማንጎ አልመጣም። ማታም ዘፈን የለም፤ የለውዝ ልጣጭ ሲሰነጠቅ ብቻ ይሰማል። እታለም ያን ቀን ሙሉ ሰው «የስጥና ዘፋኝ» እያለ ሲያሞግሳት ዋለ፤ እሷ ግን ዓይኗ አጥሩ ላይ ነው።

«እሳት ጫርኩ እንጂ ምን አደረግኩ?» አለች በመጨረሻ።

«እሳትም ቢሆን ደጅ ተጠርቶ፣ ተጠይቆ ነው የሚጫረው» አለቻት እናቴ፣ ድስቷን እያማሰለች። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ተነሺ፣ ሂጂና ምን እንዳስቀየምሻት ጠይቂያት።»

ሄድን፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ። ሐቦባ ሐሊማ ምንጣፍ ዘረጋችልን፤ ከርከዴ ቀዳችልን፤ እንግዳ ነንና አላስቀረችብንም። ከዚያ ግን ቁጣዋ መጣ።

«ሲትና የኔ ልጅ ነው» አለች። «የኔ የመጀመሪያ ልጅ። ኩርሙክ አገባ፣ ሱዳን ድንበር። ከዚያ ወዲያ በኩል ጦርነት መጣ፤ መንገድ ተዘጋ። ሞተ፣ አልሞተ፣ ሰው አይነግረኝም። እኔ ማታ ማታ ስሙን ይጠራል። የኔ ዘፈን ነው፤ እሱ ሕፃን ጊዜ እኔ አወጣ። አንተ በአጥር ሰማ፣ ዘፈኑን ወሰደ፤ ልጄን እዚያው ተወው።»

ሐቦባ ቀጠለች፦

«እኔ ልጄን ይጠራል፣ አገር ይጨፍራል። ሆዴ ተቃጠለ።»

እታለም ወድቃ ጉልበቷን ሳመች። አለቀሰች። እኔም እታለም ስላለቀሰች አለቀስኩ፤ የሐቦባ ልጅ ዘፈኑ ውስጥ ጠፍታ የቀረች መስሎኝ፣ እንዴት እንደምናወጣት ጨንቆኝ ነበር።

ሐቦባ እታለምን በክንዷ ይዛ አነሳቻት።

«አታልቅስ። ቁጭ በል። አሁን ጆሮህን አምጣ።»

ያን ቀን ሻይ ቤቱን እናቴ ብቻዋን ያዘች። ሐቦባ አንድ ስንኝ ትላለች፤ እታለም ትመልሳለች፤ ሐቦባ ራሷን ትነቀንቅና እንደገና ትላለች። ቆም ቆም የሚለው ለካ ትንፋሽ አጥሯት አልነበረም። የልጇን ስም ጠርታ መልስ የምትጠብቅበት ቦታ ነበር። እታለም ይህን ስታውቅ፣ «እኛ እኮ እዚያ ላይ ከበሮ መታንበት» አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሐቦባ ግን በዚህ ሳቀች፤ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

በሚቀጥለው ዝግጅት እታለም ትክክለኛውን፣ ዘገምተኛውን ዘፈነች፤ ከመጀመሯ በፊትም «የሐሊማ ዘፈን ነው» ብላ ተናገረች። አንዳንድ የበርታ ሴቶች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከኋላ ያሉት ጎረምሶች ግን «ፈጣኑን! ፈጣኑን!» ይላሉ። እታለም እምቢ አለች።

ፈጣኑ ግን እሷን መጠበቅ ትቷል። መምህር ታደለ የመጀመሪያውን ቀን በቴፕ ቀድቶት ነበር፤ ካሴቱን አንድ ሾፌር ተዋሰ፤ ከሱ ሌላው ገለበጠ። በየመኪናው፣ በየሻይ ቤቱ ስጥና ሆነ። እታለም መምህሩን፣

«ሰብስብልኝ፤ በአላህ ሰብስብልኝ» ብላ ለመነችው።

«ዘይነባ፣ የወጣ ዘፈን እንደ ዶሮ ጭሬ ጭሬ ተብሎ አይመለስም» አላት እያዘነ። «ቶንጎ ደርሷል፤ ሆሞሻ ደርሷል። አንዱ እንዲያውም ከድንበር ወዲያ ሰማሁት ብሎኛል።»

መኪና ዘፈኑን ከፍቶ ባለፈ ቁጥር እታለም ወደ ጓዳ ትገባለች። ሐቦባ ደግሞ አጥሩ ላይ የሰቀለችውን ማዳበሪያ አውርዳ፣ በቀዳዳው ማንጎ እየሰጠችን፣ «መኪናው በርታኛ አያውቅም፤ ተወው» ትላታለች።

ማንጎው አለቀ። ዝናቡ ገባ። የመናኸሪያው ሜዳ ቀይ ጭቃ ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ በሆሞሻ በኩል የመጣ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመና አንዲት ሴት ከላይ ወረደች። ልጅ አዝላለች፤ ሌላዋ ትንሽ ልጅ ቀሚሷን ይዛለች፤ ሦስቱም እስከ አጥንታቸው ርሰዋል። አማርኛ አትችልም። እናቴ ወንበር ስባ ስታስቀምጣት፣ ሴትዮዋ በእጇ ወደ ቴፑ አመለከተችና ዜማውን አንጎራጎረች። ያንኑ። ከዚያ ጣቷን አየር ላይ አዟዟረች፤ ማን ነው? የት ነው? ማለቷ ነበር።

እታለም እጇን ሳሙና እንደያዘ ከጓዳ ወጣች። «እኔ ነኝ» አለች፤ ደረቷን መታ አደረገች።

ሴትዮዋ ትኩር ብላ አየቻት፤ የጠበቀችው ሰው እንዳልሆነች ከፊቷ ይታያል። ከዚያ ጣቷን የራሷ ደረት ላይ አደረገች።

«ሲትና» አለች።

እናቴ «ያ አላህ!» አለች። እታለም የሴትዮዋን እጅ አፈፍ አድርጋ ወደ ዝናቡ ወጣች፤ እኔ ትንሿን ልጅ ጎተትኩ። ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ብርጭቋቸውን እንደያዙ ተከተሉን። ወደ ሐቦባ በር ስንደርስ ልጮህ ስል እታለም አፌን ያዘችኝና ሲትናን ወደፊት ገፋ አደረገቻት።

ሐቦባ ጀርባዋን ሰጥታን ዳስ ሥር ተቀምጣለች። ሲትና አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበች። ከዚያ ያንን ዘፈን ጀመረች፤ ዘገምተኛውን፣ ቆም ቆም እያለች።

ሐቦባ ፊቷን ሳታዞር፣ «ዘይነባ» አለች፣ «አሁን ልክ ነው።»

ሲትና ዘፈኑ ቆም የሚልበት ቦታ ደረሰች። በዚያ መሃል ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን አለቀሰ። ሐቦባ ዘወር አለች።

ከዚያ የሆነውን እንዴት አድርጌ እንደምናገረው አላውቅም። ሐቦባ አልጮኸችም፤ አልወደቀችም። የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ፣ ልክ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው፣ ወደ ብርሃን እያዞረች አየችው። ግንባሩን ዳሰሰች፤ ጆሮውን ዳሰሰች። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ ለቅሶው ተመልሶ ሳቅ ሆነ። እናቴን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እልል ስትል ሰማኋት።

ኋላ ሲትና ነገረችን፤ ሐቦባ እየተረጎመች። እዚያ ማዶ እናትሽ ሞታለች፤ ሰፈሩም ተበትኗል ብለዋት ነበር። ለቅሶም ተቀምጣለች። አንድ ቀን ገበያ ላይ አንድ መኪና ዘፈን ከፍቶ ቆመ። ዜማው የእናቷ ነው፤ ከእናቷ በቀር ማንም አያውቀውም። ስሟን እየጠራ ነው፤ ግን ሰዉ ይጨፍርበታል።

«መጀመሪያ ተናደደ» አለች ሐቦባ የልጇን እጅ እንደያዘች። «‹እናቴ ስሜን ለጭፈራ ሰጠ?› አለ። ቀጥሎ አሰበ። ‹የሞተ ሰው አዲስ ዘፈን አያወጣም› አለ። መኪናውን ያዘ፣ ሾፌሩን ጠየቀ። ሾፌሩ አሶሳ አለው።»

እታለም ይህን ስትሰማ ደጅ ወጥታ ዝናቡ ላይ ቆመች። ተከትያት ስሄድ እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች ነው መለየት አልቻልኩም።

ዝናቡ ባባራበት ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ግብዣ ተደረገ። የሐቦባ ዘመዶች ከሆሞሻ ዙምባራቸውን ይዘው መጡ። ረጃጅም ቱቦዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰው አንዲት ድምፅ ብቻ ይነፋል፤ ሁሉም ሲገናኙ ነው ዘፈን የሚሆነው። መምህር ታደለም አኮርዲዮኑን ይዞ መጣ። ዘይነባ ትዝፈን ተባለ። እታለም አዲስ ሻሿን አስራ መሃል ቆመች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሐቦባ እንዳስተማረቻት፣ ቀስ ብላ፣ ቦታው ላይ ቆም እያለች ጀመረች።

«ተው! ተው!» አለች ሐቦባ ሐሊማ ከመቀመጫዋ እየተነሳች።

እታለም ደንግጣ አቆመች። «ተሳሳትኩ እንዴ ሐቦባ?»

«አልተሳሳተም። እሱ ልጅ የጠፋ ጊዜ ነው። አሁን ልጅ መጣ!» ሐቦባ ቶቧን ወገቧ ላይ አሰረች። «ያንን የተበላሸውን ዝፈን!»

እታለም አመነታች። ሐቦባ በእግሯ መሬቱን እየመታች ራሷ ጀመረችው። ጀሪካኑ ገባ፤ አኮርዲዮኑ በዚያች በምታለቅስ ቁልፉ ገባ፤ ዙምባራዎቹ ደግሞ እንደ ነጎድጓድ ገቡበትና ማንም ያልለመደው ሌላ ሦስተኛ ነገር ሆነ። እናቴ እጄን ይዛ መሃል ገባች። ጭቃው እስከ ጉልበታችን ይረጫል። ወሎዬው፣ ጎጃሜው፣ ከሆሞሻ የመጣው፣ ሾፌሩ፣ ሁሉም እየጮኸ ነው፤ ማን «ስጥና» እንደሚል፣ ማን «ሲትና» እንደሚል መለየት አይቻልም። ሲትና ልጇን እንዳዘለች መሃል ላይ እየተሽከረከረች፣ እየሳቀች፣ ለእያንዳንዱ ጩኸት «ነዓም!» ትላለች፤ «አቤት» ማለቷ ነው፤ «ነዓም! ነዓም!»